ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ፦ ስለ አጭር ጊዜ የተልዕኮ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ላይ የጉዞው ማስታወቂያ ቸርች ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስልኬ አያርፍም። እናቶች ይደውላሉ፣ ወጣቶች በቴሌግራም ይጽፋሉ፣ ሽማግሌዎች ደግሞ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ያስቆሙኛል። አስተባባሪ ከሆንኩ ጀምሮ ጥያቄዎቹን በአንድ ደብተር እየጻፍኩ ነው። ብዙ ጊዜ የመጡትን ከነመልሳቸው እዚህ አስቀምጫለሁ። ከድሬዳዋም ከሐረርም ለምትመጡ ነው።

ለምን ጅቡቲ? ተልዕኮ ከተባለ ራቅ ያለ አገር አይሻልም?

ጅቡቲ ከእኛ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለድሬ ሰው ከአዲስ አበባ ይቀርባል። ከተማችን ራሷ የተወለደችው ከዚያ በመጣ ሐዲድ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድ ስለነበር ከግርጌው ቆመ። ድሬዳዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። እስከ ዛሬ ድረስ ጅቡቲ አክስት ወይም የአጎት ልጅ የሌለው የድሬ ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ጅቡቲ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የከባድ መኪና ሾፌሮች አሉ፣ ወደብ ላይ የሚሠሩ አሉ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች አሉ። በአማርኛ የሚያመልኩ ትንንሽ ጉባኤዎችም አሉ። እኛ የምንሄደው ወደ እነዚህ ጉባኤዎች ነው። አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ራቅ ያለ አገር የሚጠራው ሰው ይኖራል፣ ጌታ ይርዳው። እኔ ግን በር ላይ ያለውን ጎረቤት አልፎ መሄድ አይዋጥልኝም።

እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን?

በመጀመሪያው ጉዟችን ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ ነው የሄድነው። ድራማ አዘጋጀን፣ ሦስት ወር ተለማመድን፣ የድምፅ ማጉያም ተከራይተን ይዘን ሄድን። የተቀበለን የጉባኤው መሪ ዕቃውን አይቶ ዝም አለ። ሻይ አቀረበልን። ሻዩን ጠጥተን ስንጨርስ ቀስ ብሎ፣ «ይህን እዚህ ሰፈር ብትከፍቱት እናንተ በሳምንቱ ትሄዳላችሁ፤ ከጎረቤት ጋር የምንቀረው እኛ ነን» አለን። ማጉያው ከሳጥኑ ሳይወጣ ድሬ ተመለሰ።

አኩርፈን ነበር። ሦስት ወር የተለማመደ ሰው ማኩረፉ አይቀርም። በማግስቱ ግን አንዲት ትልቅ እህታችን ከቡድኑ ተነስታ፣ «ታዲያ ምን እናግዛችሁ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያች ጥያቄ ጀምሮ ጉዟችን ሌላ ሆነ።

መጀመሪያ የጠየቁን ልጆች የሚይዝላቸው ሰው ነበር። ጉባኤው የሚሰበሰበው በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ልጆች ሲንጫጩ እናቶች ስብከት መስማት አይችሉም። ከእኛ መካከል ሁለት መምህራን ልጆቹን ይዘው ሰገነት ላይ ወጡና ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። እዚያ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ይናገራሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። በአምስተኛው ቀን አንድ ትንሽ ልጅ ጠመኔ ይዞ እየሮጠ ወርዶ የእናቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል በሩ ላይ ጻፈላት። እናቲቱ ያንን በር እስክንሄድ ድረስ አላጸዳችውም።

ሁለተኛው ምግብ ነበር። አርብ በጅቡቲ የእረፍት ቀን ነው፤ እኛ የሄድንበት ጉባኤም ዋና ፕሮግራሙ አርብ ነው። ፈቃድ ያገኙ የቤት ሠራተኞች የሚመጡት ያን ቀን ነው። እነዚህ እህቶች ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሲያበስሉ ይከርማሉ። እኛ ሽሮ ሠርተን፣ ቡና አፍልተን ቁጭ አደረግናቸው። አንዷ በልታ እንደጨረሰች ሰሃን ልታጥብ ተነሳች። እህታችን እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ሰሃኑን ጭኗ ላይ እንደያዘች ብዙ ጊዜ አልተናገረችም።

ስለዚህ የምንሠራው የጠየቁንን ነው። አንድ ዓመት ነርስ ጠየቁን፣ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ ሄደች። አንድ ዓመት ደግሞ የሚዘምር እንኳን አልፈለጉም። የታመመ ወንድም ስለነበራቸው ተራ ገብተን አስታመምነው። መዝሙርም ስብከትም አለ፣ ግን ፕሮግራሙን የሚያወጡት እነሱ ናቸው።

ጎዳና ላይ ወንጌል መመስከር እንችላለን?

አንችልም። የጅቡቲ ሕገ መንግሥት እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ይደነግጋል፤ ሕዝቡም አብዛኛው ሙስሊም ነው። የሌላ እምነት ሰው ማምለክ ይችላል፣ አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። በራሪ ወረቀት ማደል፣ ገበያ መሃል መስበክ ግን እኛ ከሄድን በኋላ እዚያ የሚቀሩትን ወገኖች ዋጋ ያስከፍላቸዋል። ይህን ሕግ መቀበል የሚከብደው ሰው ካለ በፍቅር እንነጋገራለን፣ ግን በዚህ ጉዞ አናካትተውም።

የድሬና የሐረር ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ነው ያደግነው። በኢድ ሳንጋበዝ የቀረንበት ዓመት የለም፤ እነሱም ለፋሲካ ቤታችን ናቸው። እንዴት መከባበር እንዳለብን እናቶቻችን አሳይተውናል። እዚያ ያለ ሰው ስለ እምነታችሁ ከጠየቃችሁ በቅንነት መልሱለት። ሳይጠየቁ መጀመርን ለጉባኤው ተዉለት። ጉዞው ረመዳን ላይ ከዋለ ቀን ቀን አደባባይ ላይ አንበላም፣ ውሃም አንጠጣም።

ፎቶ ማንሳት እንችላለን?

ተራራውን፣ ባሕሩን፣ ባቡሩን አንሱ። ሰው ግን አታንሱ።

ይህ ሕግ የመጣው ከስህተታችን ነው። በሁለተኛው ጉዞ ከመካከላችን አንዱ የአርቡን ፕሮግራም አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ክፋት አልነበረበትም፤ ደስ ብሎት ነው። ፎቶው ላይ አንዲት እህት እየዘመረች ትታያለች። አሠሪዋን ገበያ እሄዳለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ፎቶው እጅ ለእጅ ዞሮ አሠሪዋ ቤት ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ጉባኤው በር ላይ ቆማ አገኟት። የሁለት ወር ደመወዟም ቀረ። ቡድናችን አዋጥቶ ላከላት፣ ይቅርታም ጠየቅናት፣ ይቅርም አለችን። እኔ ግን ያንን ፌስታል አልረሳውም።

አሁን ጉባኤው በር ላይ ስልክ በቅርጫት ይሰበሰባል። ሪፖርት የምናቀርበው በቃል ነው።

ፓስፖርትና ቪዛ እንዴት ይሆናል?

ፓስፖርታችሁ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። የሌላችሁ አሁኑኑ ጀምሩ። ድሬዳዋ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም፣ ወረፋው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስማችሁ በልደት ካርድና በመታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በአንዲት ፊደል ምክንያት የቀረ ሰው አለን። ቪዛውን ቡድኑ በአንድ ላይ ያስጨርሳል።

ቪዛ ላይ የምንጽፈው እውነቱን ነው። ጉባኤው የጋበዘበትን ደብዳቤ እናያይዛለን። «ለሽርሽር ነው በሉ» የሚል ምክር ከየትም ቢመጣ አንቀበልም። ስለ ጌታ ልናገለግል እየሄድን ድንበር ላይ በውሸት አንጀምርም።

የምንሄደው በባቡር ነው?

ከቻልን አዎ። የቀድሞው ባቡር ይነሳ የነበረው ከዚራ ካለው ለገሃር ነበር፤ አሁን ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በጠዋት ባጃጅ ተኮናትሩ። መስመሩ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኛ የምንይዘው ከግማሽ ያነሰውን የመጨረሻ ክፍል ነው። የባቡሩ መርሐ ግብር ስለሚቀያየር ትኬት የሚቆርጠው አስተባባሪው ብቻ ይሁን። ባቡር ካጣን በደወሌ በኩል በመኪና እንሄዳለን።

ሐዲዱ ዳር ያለው አገር ደረቅ ነው። ድንጋይ፣ ግራር፣ ፍየል፣ አልፎ አልፎ ግመል። በዚያ ሜዳ በእግራቸው የሚያቋርጡ ወጣቶች አሉ። ኦቦክ ወደምትባለው የጅቡቲ የባሕር ዳር ከተማ ሄደው፣ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው፣ ከዚያ ሳውዲ ለመግባት ነው። ከሐረርጌም ከወሎም ከትግራይም የመጡ ናቸው። በመስኮት ሲታዩ ባቡሩ ውስጥ ያለው ወሬ ይቆማል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰው በዚያ መንገድ ሄዷል። የመጀመሪያውን ጸሎት የምናደርገው እዚያ ላይ ነው፤ ማንም አስተባብሮት አይደለም።

ኦቦክስ እንሄዳለን?

በዚህ ጉዞ አንሄድም። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት እዚያ የስደተኞች ማዕከል አለው፣ የራሱ ሥራና የራሱ ፈቃድ የሚፈልግ ነገር ነው። ዘመድ የጠፋበት ሰው ግን ስሙን ጽፎ ይስጠን። ጉባኤው የሚያውቃቸውን ሰዎች ይጠይቅልናል።

ስንት ብር ያስፈልጋል?

የዘንድሮው ስሌት ትኬቱና ቪዛው ሲታወቅ በስብሰባ ይነገራል። ጅቡቲ ውድ ከተማ መሆኗን ግን ዛሬውኑ እወቁት። አትክልትና ፍራፍሬው ሳይቀር ብዙው የሚሄደው ከእኛው አገር ነው። ገንዘባቸው ፍራንክ ነው፣ 1 ዶላር ሁልጊዜ ወደ 177 ፍራንክ ነው፤ ከዶላር ጋር ስለታሰረ አይዋዥቅም። ከአገር ይዛችሁ ልትወጡ የምትችሉት ብርና ዶላር ገደብ አለው። ምንዛሪ በባንክ ብቻ እንጂ ሰፈር ውስጥ አንፈልግም።

ክፍያውን በዕቁብ መልክ ነው የምናስቆጥበው። ከጥቅምት ጀምሮ ሁሉም በወር ደመወዝ ቀን ያስገባል። ያልሞላለት ሰው ቢኖር ለገንዘብ ያዥዋ እህት ብቻ ይንገራት፣ ሌላ ሰው አይሰማም። ባለፈው ዓመት ሦስት ሰው በዚህ መንገድ ሄዷል። እነማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም።

የምንሄድበትን ገንዘብ ለእነሱ ብንልክላቸው አይሻልም?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የጠየቁኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ በቁም ነገር ነው የጠየቁኝ። እኔም ይህንኑ ለጅቡቲው መሪ ጠየቅኩት። «ገንዘቡ ይጠቅመናል። ግን ከአገር ቤት ማን መጥቶ ይጠይቀናል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ማድረግ ጀመርን። ከምንሰበስበው አንድ አራተኛው ለጉባኤው ይቀመጣል፣ ምን ላይ እንደሚውል እነሱ ይወስናሉ። የልብስ ስፌት ማሽን ገዝተው አይቻለሁ።

አጭር ጉዞ ብቻውን ብዙ እንደማይሠራም አምናለሁ። የድሬና የሐረር ሰዎች ይህን ከታሪካችን እናውቀዋለን። አባ እንድርያስ የሚባሉት ፈረንሳዊው አቡነ ጃሮሶ ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከ50 ዓመት በላይ ሐረር ቆዩ፣ ልጅ ተፈሪንም ፈረንሳይኛ አስተምረዋል። ሐረር አጠገብ ቢሲዲሞ ያለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆመው ከጀርመን የመጡ ሰዎች ከበሽተኞቹ ጋር ስለኖሩ ነው። ሰው የሚታመነው ሲቆይ ነው። እኛ ስምንት ቀን ነው ያለን። ስለዚህ በየዓመቱ ወደዚያው ጉባኤ እንመለሳለን። አዲስ ከተማ አንቀያይርም።

መቼ ነው የምንሄደው? ሙቀቱስ?

ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት። በዚያ ወቅት ጅቡቲ ደስ ትላለች። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ከበረሃ የሚመጣው ነፋስም ፊት ይለበልባል። «እኛ የድሬ ልጆች ሙቀት ለምደናል» የምትሉ፣ የእኛ ሙቀት ደረቅ ነው። የእነሱ ከባሕር እርጥበት ጋር ነው። ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል፣ ሌሊትም አይላቀቅም።

ለጤናችን ምን እናድርግ?

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። የስኳርና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ያዙ፣ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር።

ስለ ወባ ትንሽ ላስረዝም፣ ምክንያቱም ሁላችንንም ይመለከታል። ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ነው ብለን ነው ያደግነው። አሁን ግን ከእስያ የመጣች ሌላ ዓይነት ትንኝ አለች። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እዚያው ጅቡቲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በርሜል ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ ባለ ታንከር ውስጥ፣ ክዳን በሌለው ጀሪካን ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው ወባም ከእሷ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ አጎበር ያዙ፣ በምናድርበት ቤት ያለውን የውሃ ዕቃ ሁሉ ክደኑ። ስትመለሱም ትኩሳት ከተሰማችሁ «ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሂዱና ጅቡቲ እንደነበራችሁ ተናገሩ።

ፈረንሳይኛም ዓረብኛም አልችልም። ልቅር?

አትቅሩ። መንግሥት የሚሠራበት ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው፣ ሕዝቡ ግን ቤቱ የሚናገረው ሶማልኛና አፋርኛ ነው። ሶማልኛ ደግሞ ድሬ ውስጥ ያደገ ሰው ቢያንስ ሰላምታውን ያውቃል። ሱቅ ገብታችሁ በሶማልኛ ሰላም ስትሉ የባለሱቁ ፊት ሲፈታ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እኛ ድሬዎች ለትልቅም ለትንሽም «አንተ» «አንቺ» ማለት ይቀናናል፣ ፍቅራችን ነው። ጉባኤው ውስጥ ግን ከጎጃምም ከሸዋም የመጡ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ለእነሱ «እርስዎ» በሉ። አንድ አባት ቅር ተሰኝተው ዝም ብለውን ነበር፣ ለምን እንደሆነ የገባን በሦስተኛው ቀን ነው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ልላካት?

ዘንድሮ አይሆንም። ከ18 ዓመት በታች አንወስድም። አውቃለሁ ትዘምራለች፣ ትጸልያለች። ድንበር ላይ ግን ብቻዋን ያለች ታዳጊ ሌላ ጥያቄ ታስነሳለች፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ዓመት ቆይታ ትምጣ።

ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ?

ቀለል ያለ ረጅም ልብስ፣ ለእህቶች ሻሽ ወይም ነጠላ። ለራሳችሁ ትንሽ ያዙ፣ ሌላው ቦታ የእነሱ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። የልጆች የፊደል ገበታም ይጠይቁናል። በርበሬውን በሁለት ፌስታል አስራችሁ በዕቃ ውስጥ አድርጉት። አንድ ጊዜ ፈስሶ የአሥር ሰው ልብስ ቀይ ሆኗል። የሰው ዕቃ «አድርስልኝ» የሚላችሁ ካለ ከፍታችሁ ሳታዩ አትቀበሉ፣ የእናታችሁ ጓደኛም ብትሆን።

ዓሳል ሐይቅን እናያለን?

ጉባኤው ከፈቀደ አንድ ከሰዓት። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው፣ በአፍሪካ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ። ጨው ነው። ጫማ አድርጉ፣ እግር ይቆርጣል።

አልተመረጥኩም። ቅር ብሎኛል።

ይገባኛል፣ ቅሬታችሁንም አልንቅም። የምንወስደው አሥራ ሁለት ሰው ነው፣ ሳሎኑ ከዚያ በላይ አይችልም። የቀራችሁት ግን ሥራ አላችሁ። አንጾኪያ ላይ ጾመው፣ ጸልየው፣ እጅ ጭነው በርናባስንና ሳውልን የላኩት ሰዎች አብዛኞቹ ከከተማቸው አልወጡም። እኛም ጋር የሄዱትን ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ሱቃቸውን የሚከፍት፣ ማታ ማታ የሚጸልይ ቡድን አለ። መዝገቡ ቢሮ ነው ያለው።

ስንመለስስ?

በመጀመሪያው እሁድ ምስክርነት አለ፣ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ። የሰው ስም አይጠራም።

ከዚያ እያንዳንዱ ተጓዥ የሁለት የጉባኤው ሰዎች ስልክ ቁጥር ይሰጠዋል። አርብ ከሰዓት በኋላ በኢሞ ይደውላል። በየሳምንቱ ሳይሆን ቢያንስ በወር አንዴ፣ እስከ ቀጣዩ ጉዞ። የሚበዛው ጥሪ አጭር ነው። «ደህና ነሽ? በላሽ? እናትሽን አገኘኋት፣ ደህና ናት» ይባላል። ያቺ ሰሃን የያዘችው እህት ለእኔ ከደረሱኝ ከሁለቱ አንዷ ናት። ባለፈው አርብ ደውዬላት አላነሳችም። ማታ ላይ መልሳ ደወለች፣ ማዳም እንግዳ ነበራት። ሽሮው ከየት ገበያ እንደተገዛ ጠየቀችኝ። ከቀፊራ ነው አልኳት። ጥር ላይ ሁለት ኪሎ አምጪልኝ ብላለች፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።